የዕቅድ ውይይት፦ የኢንዱስትሪ ምርት ቴክኖሎጂ ዲግሪ በደብረ ብርሃን እንዲከፈትልን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ፀሐፊ (እሁድ፣ ማታ 2፡40)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ዋላችሁ? ባለፈው ስብሰባ እንደተነጋገርነው ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምናስገባውን ሐሳብ ጀምሬዋለሁ። ከመላኩ በፊት ሁላችሁም እዩት፣ የጎደለውን ሙሉበት። ፊርማው የሁላችን ስለሆነ ቃሉም የሁላችን ይሁን።

መግቢያው እንዲህ ይላል፦ «እኛ በሰሜን ሸዋ ፋብሪካዎችና ወርክሾፖች የምንሠራ፣ አብዛኞቻችን በቴክኒክና ሙያ ሌቭል 4 የጨረስን ሠራተኞች ነን። ሥራችንን ሳንለቅ በኢንዱስትሪ ምርት ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ የምንማርበት ፕሮግራም እንዲከፈትልን እንጠይቃለን።»

ምክንያቱንም ጨምሬያለሁ። ደብረ ብርሃን ድሮ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር። ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎች አሏት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ለሚ ላይ ደግሞ በመስከረም 2017 የተመረቀው ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብዛኛው አልነበረም። አሁን ማሽኑም እዚህ ነው፣ ሠራተኛውም እዚህ ነው። ከመካከላችን ዲግሪ የፈለገ ግን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፣ ወይም የማይሠራበትን ሙያ ይማራል። ብረት ሲቆርጥ ውሎ ማታ አካውንቲንግ የሚማር ስንት ሰው አለን?

ትምህርቱ «ቅዳሜና እሁድ ይሰጥ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።

ከስፌት መስመር (እሁድ፣ ማታ 4፡15)

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፣ «ቅዳሜና እሁድ» የሚለውን አውጪው።

ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነበርኩ። ፈረቃችን በየሳምንቱ ይዞራል። ጠዋት የምገባበት ሳምንት አለ፣ ከሰዓት የምገባበት አለ፣ ሌሊት የማድርበት አለ። ቅዳሜ ደግሞ የሥራ ቀን ነው። ጠዋት የምገባ ቀን ክፍል አልደርስም። ሌሊት አድሬ የወጣሁ ቀን እደርሳለሁ፣ ግን ጠረጴዛው ላይ እተኛለሁ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቀሪሽ በዝቷል፣ ፈተና ላይ አትቀመጪም አሉኝ። የከፈልኩት ብር ቀረ። ያኔ ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ነበረች፣ እሷን ለጎረቤት እየተውኩ ነበር የምሄደው። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እንዲህ እንበል፦ አንዱ ትምህርት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሰጥ፣ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት። የጠዋት ፈረቃ የገባ ከሰዓት ይማራል፣ የከሰዓቱ ጠዋት ይማራል። የሌሊቱ ተኝቶ ተነሥቶ ከሰዓት ይመጣል። መምህሩ ሁለቴ ይደክማል፣ አውቃለሁ። እኛ ግን የምንቀረው ሰንፈን አይደለም። ሰዓቱ ስለማይገጥም ነው።

ማታ የሚባለውንም አታስገቡት። በዚህ ብርድ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባጃጅ አይገኝም። ሴቶቹ በዚህ ብቻ ያቋርጣሉ።

የቶርኖ ባለሙያ (ሰኞ፣ ጠዋት 12፡50)

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ? እኔ ለመማሩ ዕድሜዬ ገፍቷል ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን ምን መማር እንዳለባችሁ የምነግራችሁ አለኝ።

ብረት እያዞረ በሚቆርጠው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ 22 ዓመት ቆሜያለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ገደማ አንድ ሻፍት፣ ማለትም የሚዞር የብረት ዘንግ፣ እንድሠራ ታዘዝኩ። ውፍረቱ 80 ሚሊ ሜትር፣ ኩሽኔት (ዘንጉን ይዞ በቀላሉ የሚያዞረው ቀለበት) የሚገባበት ነው። ለእንዲህ ያለ ሻፍት የልክ ሠንጠረዡ የሚፈቅደው ከ80 በላይ ከ2 እስከ 21 ማይክሮን ብቻ ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሥራው ለማታ ይፈለግ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ቆረጥኩ፣ እንደወጣም ለካሁት። 80 ከ15 ማይክሮን። እልል ያሰኛል። ጠዋት ኩሽኔቱን ስናስገባ እንደ ላላ ጫማ ሆነ። ተቆጡኝ፣ ከደመወዜም ተቆረጠ። መለኪያዬን፣ ማይክሮሜትሩን፣ አስቀይሩልኝ ብዬ ተከራከርኩ። ማይክሮሜትሩ ግን ደህና ነበር።

ምክንያቱን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ልምምድ የመጣ ተማሪ ወረቀት ላይ ጽፎ ሲያሳየኝ ነው። ብረት አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር በአንድ ሜትር 11 ማይክሮን ተኩል ገደማ ይረዝማል። ሻፍቱ ከቶርኖው ሲወጣ 45 ዲግሪ ነበር እንበል። ማይክሮሜትሩ በደብረ ብርሃን ምሽት 10 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ 35። ለ80 ሚሊ ሜትር ሲሰላ 32 ማይክሮን ይሆናል። እኔ የለካሁት ብረቱንና ሙቀቱን አብሬ ነው። ሲቀዘቅዝ ከ80 በታች 17 ማይክሮን ወረደ። የዓለም የልኬት ስምምነት ልክ የሚባለው በ20 ዲግሪ ነው የሚለው ለዚህ ነው።

እጄ ያውቅ ነበር። ሲሞቅ ጥቂት ማትረፍ እንዳለብኝ እጄ ይነግረኝ ነበር። ስንት ማይክሮን እንደማተርፍ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ልኬት የሚባለው ትምህርት በመጀመሪያው ዓመት ይግባ። በኛው ማሽን፣ በኛው ብርድ ይሰጥ። ይህን ጻፉልኝ።

ከጠርሙስ መሙያ መስመር (ሰኞ፣ ማታ 1፡30)

ጋሼ፣ ይህን ታሪክ ዛሬ ለቡድኔ በሙሉ አነበብኩት። እድሜ ይስጥልን።

እኔ ያለኝ ጥያቄ በስሙ ላይ ነው። ለምን «ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ» አንልም? የሥራ ማስታወቂያው ላይ የሚፈለገው ኢንጂነር ነው። «ቴክኖሎጂ» የሚል ዲግሪ ይዤ ብሄድ ሌላ ሌቭል ይመስላቸዋል ብዬ እፈራለሁ። አራት ዓመት ደክሞ ወረቀቱ ካልተነበበ ያሳዝናል።

የኮሌጅ አሰልጣኝ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05)

ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። ግን ስሙን ለማስነበብ ብለን የማንፈልገውን ትምህርት አንጠይቅ።

ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ነው፣ ሒሳቡና ፊዚክሱ ለዲዛይን የታሰበ ነው። ምርት ቴክኖሎጂ የሚያተኩረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዲዛይኑ ወረቀት ላይ አለቀ እንበል። አሁን እሱን በቀን ሺህ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ጥራት፣ ሰው ሳይጎዳ፣ ብረትና ክር ሳይባክን እንዴት እናውጣው? ትምህርቱ ይሄ ነው። የንድፍ ሥዕል ማንበብ፣ ልኬት፣ የማሽን አሠራርና ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን)፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የሥራ ጥናት፣ የምርት ዕቅድ፣ ጥገና፣ የሥራ ላይ ደኅንነት። እናንተ በየቀኑ የምትነኩት እኮ ነው።

በስሙ ላይ ሌላ ከባድ ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ፈተናው በትምህርት ክፍል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን መጀመሪያ የምንጠይቀው «የዚህ ፕሮግራም ተመራቂ የትኛውን ፈተና ይቀመጣል?» ብለን ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠን ማንም እንዳይመዘገብ። በየቦታው ክፍያ ተከፍሎ፣ ዓመት ተቆጥሮ፣ መጨረሻ ላይ «ፕሮግራሙ አልታወቀም» የተባለ ልጅ አይቻለሁ። አባቱ በሬ ሸጦ ነበር ያስተማረው።

ሁለተኛው መንገድም ይታሰብ። ቴክኒክና ሙያ አሁን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ነው፣ አዲስ አበባ ያለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩትም ዲግሪ ይሰጣል። ደብዳቤውን ለዩኒቨርሲቲው ብቻ አንጻፍ። ግልባጩ ወደዚያም ይሂድ። ከሁለቱ አንዱ ከተነሣ እኛ ምን ቸገረን?

ሒሳብን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ሌቭል 4 ላይ የተግባሩ ድርሻ ይበዛል፣ ያም ጥሩ ነው። ዲግሪ ስንገባ ግን ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ይጠብቁናል። ሳንዘጋጅ ከገባን በመጀመሪያው ሴሚስተር ግማሹ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሒሳብ ማጠናከሪያ እንጠይቅ። ሳይቆጠርልንም ቢሆን እንማረው።

የማኅበሩ ፀሐፊ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00)

ጌታዬ፣ የሒሳቡን ነገር ከልቤ እደግፋለሁ። እኔ ብርድ ልብስ የምመዝን ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። በየሰዓቱ አምስት አምስት አንሥቼ እመዝናለሁ፣ አማካዩን ግድግዳው ላይ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ነጥብ አደርገዋለሁ። ነጥቡ ትንሽ ወረድ ሲል ፎርማኑ ሮጦ ማሽኑን ያስተካክላል። ከፍ ሲል መልሶ ያስተካክላል። ክብደቱ ግን ከመርጋት ይልቅ ይብስበታል። ለምን ብዬ ብዙ ተጨንቄያለሁ።

ለካ ይህን አሜሪካዊው ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው የፈታው። ማሽን ሁሉ ደህና ሆኖም ይዋዥቃል። ያ መዋዠቅ የራሱ ወሰን አለው፣ ከአማካዩ ወደ ላይና ወደ ታች ሦስት ሲግማ። ሲግማ ማለት ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካ ቁጥር ነው። ደህና ከሆነ ማሽን ከሺህ ነጥብ 997ቱ ገደማ በወሰኑ ውስጥ ይወድቃሉ። በወሰኑ ውስጥ ላለ ነጥብ ማሽን ከነካህ አንተው ራስህ መዋዠቁን ትጨምራለህ። ይህን ለፎርማኑ ለማስረዳት ሲግማን ማስላት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ሁለት ክረምት አልፎ ነው የቻልኩት።

ከጠርሙስ መሙያ መስመር (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡35)

እሺ፣ ስሙን ትቻለሁ። ጥያቄዬን አንሥቻለሁ። የመውጫ ፈተናው ጉዳይ ግን ከፊት ይቅደም።

የኛንም ልጨምር። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። መስመሩ 48 ደቂቃ ቢቆም 90 በመቶ ሠራ ማለት ነው። ፍጥነቱ 95 በመቶ፣ ደህና የወጣው ጠርሙስ 99 በመቶ ይሁን። እያንዳንዱ ቁጥር ሲታይ ያስደስታል። ሲባዙ ግን 84.6 ይመጣል። ሪፖርት ላይ ሦስቱን ለየብቻ ነበር የምንጽፈው። ማባዛት እንዳለብን ያወቅነው ከካይዘን (አሠራርን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ዘዴ) ሥልጠና በኋላ ነው። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ እያልን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፣ ወለሉ አማረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስሌት ግን ዲግሪ ያለው ሰው ካልመጣ አንነካውም። ያ ሰው ከመካከላችን ይውጣ ነው የምለው።

ከሸዋ ሮቢት፣ ብረታ ብረት ወርክሾፕ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡20)

ደህና ናችሁ? ስለ እኛም አስቡ። በሳምንት ሁለት ቀን ደብረ ብርሃን መውጣት አንችልም። ከቆላው ተነሥተን ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በርን መውጣት አለብን። ጭጋግ ሲሆን ሾፌሩ በዝግታ ነው የሚነዳው፣ መንገዱ ጨርሶ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ለመንዝና ለአለም ከተማ ልጆችም እንዲሁ ነው።

ለኛ የሚሻለው በየሦስት ወሩ ሁለት ሁለት ሳምንት ተጠቃለን ገብተን ተግባሩን ብንሠራ ነው። ቀሪውን በሞጁል ቤታችን እናንብብ። ለሁለቱ ሳምንት ማደሪያ ብቻ ይፈለጋል። ክረምት ላይ የዩኒቨርሲቲው ዶርም ባዶ ሲሆን ያን ብንጠይቅስ?

የማኅበሩ ሰብሳቢ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡10)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እስካሁን የጻፍነው ሁሉ «ስጡን» ነው። የምንሰጠውንም እንጻፍ። ዩኒቨርሲቲው የጎደለው ማሽንና ልምምድ ቦታ ነው፣ ያ በእኛ እጅ ነው። የመመረቂያ ጥናታችን በየፋብሪካችን ባለ እውነተኛ ችግር ላይ ይሁን። የመደበኛ ተማሪዎችንም ለልምምድ እንቀበል። ለዚህ ግን የየፋብሪካው አስተዳደር የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ቃል ብቻ አይበቃም። እኔ ከሦስት ቦታ ለማምጣት ቃል ገብቻለሁ፣ ሌሎቻችሁም ያላችሁበትን ጠይቁ።

የማኅበሩ ፀሐፊ (ሐሙስ፣ ማታ 3፡25)

የተስማማንበትን አስገብቼ አስተካክያለሁ። ዋናው ክፍል አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«ትምህርቱ ከሚዞር ፈረቃ ጋር እንዲስማማ በከተማው ላለን እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ጠዋት አንዴ ከሰዓት፣ ይሰጠን፤ ከሩቅ ወረዳ ለሚመጡት በሞጁልና በተጠቃለለ የተግባር ሥልጠና ይሁንላቸው። ከመጀመሪያው ዓመት በፊት አንድ ሴሚስተር የሒሳብ ማጠናከሪያ እንድንወስድ ፈቃደኛ ነን። የልኬት ትምህርት በመጀመሪያው ዓመት እንዲገባና በፋብሪካዎቻችን ማሽን ላይ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። የመመረቂያ ጥናታችን በምንሠራበት ቦታ ባለ ችግር ላይ ይሆናል። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት የፕሮግራሙ ዕውቅናና የመውጫ ፈተናው በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ጋሼ፣ የሻፍቱን ታሪክ ከነስሌቱ አባሪ አድርጌዋለሁ። የእርስዎን ስም አላስገባሁም፣ ካልፈቀዱልኝ።

የቶርኖ ባለሙያ (ዓርብ፣ ጠዋት 12፡40)

አስገቢው ልጄ፣ ፈቅጃለሁ። ሻፍቱም እስካሁን አለ፣ አልጣልኩትም። ደብዳቤውን ይዛችሁ ስትሄዱ ጥሩኝ፣ ማይክሮሜትሬን ይዤ አብሬያችሁ እገባለሁ። ብረቱን እዚያው አሙቀን እናሳያቸዋለን።