አስቸኳይ፦ ክራዮስታቱ (ከሕመምተኛ የተወሰደ ቲሹ አቀዝቅዞ በስሱ የሚቆርጠው ማሽን) ከ−9 ዲግሪ አልወርድ ብሏል፣ ነገ የምላስ ኦፕራሲዮን አለ

ፓቶ ለገጣፎ፦ ወገኖች ድረሱልኝ። ከሰዓት መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ክራዮስታቱ −9 ላይ ቆሟል። ቲሹው ቢላው ላይ ይጨማደዳል፣ ይለጠፋል። ነገ 3 ሰዓት የምላስ ካንሰር ይወጣል፤ ማርጂኑን (ከካንሰሩ ጋር የሚወጣውን ጤነኛ ጠርዝ) በፍሮዝን (ኦፕራሲዮኑ ሳያልቅ ቲሹውን አቀዝቅዞ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ በማየት) እዩ ተብለናል። የሮቦት ቀዶ ሕክምና ጥናቶች 3 ሚሊሜትር ይበቃል ስለሚሉ በጠባቡ ልንሄድ ነበር። ያለ ፍሮዝን ግን ቀጠሮው መሰረዙ ነው?

ባዮሜድ ቡራዩ፦ ኮምፕሬሰሩ ይሠራል ወይስ ዝም ብሏል? መብራት እንደመጣ ወዲያው ከተነሳ የጋዙ ግፊት ስላልተመጣጠነ ይታነቅና ኦቨርሎዱ (መከላከያው) ይቆርጠዋል። አጥፍተህ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቅ። ሶኬቱ ላይ ቮልቴጅ ለካ፤ ከ200 በታች ከሆነ ያለ ስታቢላይዘር አታብራው። ደህና ከሆነ የኮንዴንሰሩን (ሙቀት የሚያስወጣውን ክፍል) አቧራ በብሩሽ ጥረግ፣ ፋኑ መዞሩን እይ። ከዚያ የክራዮስታቱን መስኮት ዘግተህ ሌሊቱን ተወው፤ በየደቂቃው ከከፈትከው አይበርድም።

ሱሉልታ 27፦ ስታቢላይዘር ወንድሜ፣ ስታቢላይዘር!

የላብ ተማሪ፦ በቤት ፍሪዘር አቀዝቅዞ መቁረጥስ?

ባዮሜድ ቡራዩ፦ ፍሪዘሩን ለዶሮው ተዉለት። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ቲሹ ውስጡ በረዶ ይሠራል፣ ሴሉ ይቀዳደዳል፣ ምንም አይነበብም።

አንገትና ራስ፦ የ3 ሚሊሜትሩ ነገር ይቁም። ኢ3311 የተባለው ጥናት ከ3 ሚሊሜትር በታች ያለውን ጠባብ ብሎ የቆጠረው በአፍ በኩል ለሚወጣ፣ ኤችፒቪ ከሚባለው ቫይረስ ለመጣ የጉሮሮ ካንሰር ነው። ከቶንሲል ጀርባ ያለው ጡንቻ ስስ ስለሆነ 5 ሚሊሜትር ከየት ይመጣል? ኤፍዲኤም (የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ) በ2009 እ.ኤ.አ. ሮቦቱን ሲፈቅድ ለቲ1 እና ቲ2 (ገና ላልተስፋፉ ዕጢዎች) ነበር። ተንቀሳቃሹ ምላስ ግን ሁለመናው ጡንቻ ነው፤ ካንሰሩ በጡንቻው መሐል እየሾለከ ወደ ታች ይሄዳል። በማይክሮስኮፕ 5 ሚሊሜትር ይፈለጋል። ምላስ ከተቆረጠ በኋላ ስለሚሸበሸብ ሰርጀኑ ሲቆርጥ 1 ሴንቲሜትር ይያዝ፣ በተለይ ከታች በኩል። በሮቦትም ሆነ በእጅ ይቆረጥ፣ ልኬቱን የሚወስነው ቦታው ነው።

ፓቶ ለገጣፎ፦ እሺ ዶክተር። ክራዮስታቱ ባይነሳስ?

አንገትና ራስ፦ መሰረዝ ግድ አይደለም። ዛሬ ማታ ለሰርጀኑ ንገረው፤ ቁስሉ በፍላፕ (ከሌላ የሰውነት ክፍል በሚመጣ ሥጋ) የሚሸፈን ከሆነ ግን ይለያል፣ ማርጂኑ ሳይታወቅ መሸፈኑን ራሱ ይመዝነው።

ግሮሲንግ አቃቂ፦ ክራዮስታቱ ካልተነሳ ሥራው ናሙናው ላይ ነው። ሰርጀኑ ከክፍሉ ሳይወጣ አጭር ክር ለላይ፣ ረጅም ክር ለውጭ ያስር። ናሙናውን አድርቀህ ጠርዙን በሁለት ቀለም ቀባ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አትቁረጥ። ከዚያ ወደ ጠርዙ ቀጥ ብለህ ቆርጠህ በማስመሪያ ለካ። ከ5 ያነሰ ካገኘህ ከዚያው ቦታ ይጨመር ብለህ ደውል። ቡሽ ላይ በመርፌ ወጥረህ ከናሙናው 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ክተተው። ፍሮዝን ከሠራችሁም ካንሰሩ ከወጣበት ጉድጓድ ሳይሆን ከናሙናው ውሰዱ፤ ከጉድጓዱ የመጣ ቁራጭ «ንጹሕ ነው» ቢልም ትክክለኛውን ቦታ ስቶ ሊሆን ይችላል።

ሱሉልታ 27፦ ስታቢላይዘሩንም አትርሳ።

ባዮሜድ ቡራዩ፦ ቮልቴጁ ስንት ሆነ?