የወንድሜ ነጭ የደም ሴል 286 ሺህ ሆነ፤ መሬት ሸጠን ህንድ እንውሰደው ወይስ ጥቁር አንበሳ?

የደሴዋ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፤ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር። ከመስቀል ወዲህ እየከሳ መጣ። ሌሊት በላብ ይጠመቃል። ሁለት ጉርሻ ከጎረሰ «ጠገብኩ» ይላል። በግራ ጎኑ ከጎድኑ በታች እጄን ሳሳርፍ ጠጠር ያለ ነገር ይነካኛል። አንድ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ስንት ጊዜ መድኃኒት አስዋጠው። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ታዘዘለትና ነጭ የደም ሴሉ 286 ሺህ ሆኖ ተገኘ። የላብራቶሪው ልጅ ማሽኑን ተጠራጥሮ ደግሞ ሠራው። ያው ነው። በአልትራሳውንድ ደግሞ ጣፊያው በጣም አብጧል ተባለ።

ሐኪሙ «ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሃይድሮክሲዩሪያና አሎፑሪኖል የሚባሉ መድኃኒቶች አስጀመረው፤ ወደ ጥቁር አንበሳም ሪፈር ጻፈ። አጎቶቼ ቅዳሜ ተሰብስበው «የኮምቦልቻውን ቦታ ሸጠን ህንድ እንውሰደው» አሉ። ለራሱ ግን የተነገረው የደም ማነስ ነው ተብሎ ነው። እኔ ነገሩ አልተዋጠልኝም። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ምን ይቅደም? ሁለት ልጆችም አሉት፤ በዘር ይተላለፋል እንዴ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
እህቴ፣ ጊዜ አታባክኑ። አክስቴ የደም ካንሰር ነው በተባለች በሳምንታት ውስጥ ነው ያጣናት። ሪፈር፣ ቀጠሮ ስንል ነው ያመለጠችን። መሬት ይተካል። ሽጡና ውሰዱት።

የማታ ኪኒን፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እኔ ራሴ የሲኤምኤል ታማሚ ነኝ። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ዛሬም ባንክ ቤት ሥራዬ ላይ ነኝ። መሬቱን ለጊዜው ተዉት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን፣ የአክስትህን ነፍስ ይማር። ግን የአክስትህ አኪዩት የሚባለው ይመስለኛል። «የደም ካንሰር» ሲባል ብዙ ዓይነት በሽታ ነው። አኪዩት ከሆነ ወዲያው ሆስፒታል ተኝቶ ኬሞ መጀመር ነው፤ ፋታ አይሰጥም። ሲኤምኤል ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ላይ ሲገኝ ገና ክሮኒክ የሚባለው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ ሕክምናውም በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ህንድም ብትሄዱ መጀመሪያ የሚታዘዝላችሁ ያው ዓይነት ኪኒን ነው። መቅኔ መቀየር የሚነሣው ኪኒኖቹ አልሠራ ሲሉ ወይም በሽታው ሲገፋ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የበሽታው ዓይነት ይለይ። «ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ መሬት አይሸጥም። ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ምርመራ አለ። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና ፊላደልፊያ ክሮሞዞም የሚባለው ይፈጠራል። እዚያ ላይ የተሠራው ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ጂን መቅኔውን ነጭ ሴል አምርት እያለ ፋታ ይነሣዋል። ለወንድምሽ «ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ቀረ» በይው፤ ሾፌር ነው፣ ይገባዋል። ኢማቲኒብ የሚባለው ኪኒን፣ እኛ ግሊቬክ የምንለው፣ ያ ጂን የሚያመርተውን ፕሮቲን ነው ሥራ የሚያስፈታው። አሜሪካ የፈቀደችው በፈረንጆቹ 2001 ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ታማሚ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነበር የሚሞተው። ስለ ልጆቹ አታስቢ። ለውጡ ከወላጅ አይወረስም፣ እሱም ለልጆቹ አያወርስም። አይጋባምም።

እኔ መድኃኒቱን የማገኘው ጥቁር አንበሳ ተመዝግቤ፣ ማክስ ፋውንዴሽን በሚባል ድርጅት በኩል፣ በነፃ ነው። ለመመዝገብ ግን ምርመራው በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ሪፈሩን፣ ሲቢሲውን፣ አልትራሳውንዱን በአንድ ክላሰር ይዛችሁ ሂዱ። የመቅኔ ናሙና ከተባለ አትደንግጡ። ከኋላ ከዳሌ አጥንት ነው የሚወሰደው። ቦታው ይደነዝዛል፤ በሲሪንጅ ሲስቡት ነው የሚያመው፣ እሱም ወዲያው ያልፋል። ከሕመሙ ወሬው ይብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ንገሩት! ኪኒኑን ጋላፊ በረሃ ላይ ሆኖ የሚውጠው እሱ ነው፣ አጎቶችሽ አይደሉም። የደም ማነስ ነው የተባለ ሰው ትንሽ ሲሻለው ያቆመዋል። ደግሞ ይሻለዋል፤ ጣፊያው ይሟሽሻል፣ ምግብ ይበላል፣ ላቡ ይቆማል። ያኔ ነው የሚያስፈራው። እኛም ቤት ከእኔ ተደብቆ ነበር። ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ የወጣውን ወረቀት ሳነብ ነው ያወቅሁት። ለእናቴ ይቅርታ ለማድረግ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ስለ አወሳሰዱ ሐኪሙ ይነግራችኋል። ሲጀመር በአብዛኛው በቀን 400 ሚሊግራም ነው፣ ከምግብ ጋር በትልቅ ብርጭቆ ውሃ። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። እኔ ከራት ጋር ነው የምወስደው፤ ለጾምም ተመቸኝ። መጀመሪያ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ሥር ያብጥ ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቼ «ስታለቅሺ ነው ያደርሽው?» ይሉኛል። ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ቆዳዬም ቀላ። መድኃኒቱ ነው ብዬ አልናገር፣ የሰፈር ሰው የምን ቅባት ነው እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ።

ጠበልም ከፈለገ ይጠጣ፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ። ቅጠላ ቅጠል ለሐኪሙ ሳይናገር አይውሰድ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የኢማቲኒብን ጉልበት ስለሚያወርድ የቲቢ ሕክምና ላይ ከሆነ ይናገር።

ማይክሮስኮፕ፦
ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የጤነኛ ሰው ነጭ ሴል ከ4 እስከ 11 ሺህ ገደማ ነው። በኢንፌክሽን ብቻ 286 ሺህ መድረሱ እምብዛም ነው። የደም ስላይዱ ላይ ያልበሰለውም የበሰለውም ሴል ተደባልቆ ከታየ ሲኤምኤልን ያስጠረጥራል፤ የሚያረጋግጠው ግን ቢሲአር-ኤቢኤል ነው። ከክንድ ደም ሥር በሚወሰድ ደም ይሠራል። ለቲቢ አክታ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት ማሽን ለዚህም የራሱ ካርትሪጅ አለው። አንድ ነገር አደራ፦ ደሴ ላይ ደም አስቀድታችሁ በአውቶቡስ እንዳትልኩ። የሚለካው አርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል። ሰውየው ራሱ ይሂድና ምርመራው በሚሠራበት ቦታ ይቀዳ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
እውነት ነው፣ የአክስቴ አኪዩት ነበር። ልዩነቱን አላውቅም ነበር። በርቱ።

የደሴዋ እህት፦
አፌ ቁርጥ ይበልላችሁ። ትናንት ነገርኩት። «ጠርጥሬ ነበር፣ ለደም ማነስ ማን አዲስ አበባ ይልካል?» አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀው «መኪናውስ?» ነው። አጎቶቼ ተቆጥተውኛል፤ ግን የመሬቱ ነገር ውጤት እስኪመጣ ይቆይ ተብሏል። ማክሰኞ አብሬው እሄዳለሁ። መንዳት ይችላል እንዴ? ኪኒኑ መሥራቱስ በምን ይታወቃል?

የማታ ኪኒን፦
ጎበዝ! መንዳቱን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ያቁም። ያበጠ ጣፊያ ከተመታ ሊፈነዳ ይችላል፤ ጭነት ማንሣትም ይቅርበት። ኪኒኑም አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል።

መሥራቱን መጀመሪያ ሲቢሲው ይናገራል፤ ነጭ ሴሉ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ያ ግን አይበቃም። በሦስተኛው ወር ያው ቢሲአር-ኤቢኤል ይደገማል፤ የጂኑ መጠን 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። በዓመቱ ደግሞ 0.1 በመቶ። ካልወረደ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በትክክል ውጠሃል ወይ?» ነው። ውጦም ካልሠራ እነዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብ የሚባሉ ሌሎች ኪኒኖች አሉ። ውጤት በወጣ ቁጥር ወረቀቱን ፎቶ አንሡት፤ የእኔ አንዱ ጠፍቶብኝ ከየት እንደወረድኩ ለማሳየት ተቸግሬአለሁ። ማክሰኞ ስትደርሱ ጻፊልኝ፣ ከሥራ ስወጣ ብቅ እላለሁ።