ጥብቅናዬን ትቼ ለጨፌ ልወዳደር?

ጠያቂ፦ የቡራዩዋ ጠበቃ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አሸዋ ሜዳ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ 12 ዓመት በጥብቅና ሠርቻለሁ። ሁለት ፈቃድ አለኝ፤ አንዱ የፌዴራል፣ አንዱ የኦሮሚያ። ጠዋት ልደታ በአማርኛ ተከራክሬ ከሰዓት ቡራዩ በኦሮምኛ የምከራከርበት ቀን ብዙ ነው። ከመዝገቦቼ ግማሽ ያህሉ የመሬት ካሣ ነው። ከተማው ማሳ ለማሳ እየገባ ሌላ ምን ይመጣል?

አሁን የሰፈሬ ሽማግሌዎች "ለጨፌ ተወዳደሪልን" ብለው፣ ለኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ማለታቸው ነው፣ ሦስት ጊዜ ቤቴ መጥተዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ የተነሳው ግን እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ነው።

በ2008 ከገፈርሳ ወዲህ ማሳቸው የተወሰደባቸው አንድ አባት ደንበኛዬ ነበሩ። ካሣው የተሰላው በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር ይባዛል። ከአምስቱ ሁለቱን ዝናብ ከድቷቸው ነበር። አማካዩ ወረደ፣ ካሣውም አብሮ ወረደ። ይግባኝ አልን። ዳኛው በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያ አንቀጹን ጮክ ብለው አነበቡና "ሕጉ ይህ ነው" አሉ። ልክ ነበሩ። ከችሎት ስንወጣ አባባ ደረጃው ላይ ቆሙና በኦሮምኛ "ልጄ፣ ይሄን አሥር የሚለውን ማን ጻፈው?" አሉኝ። ዝም አልኩ።

በ2011 አዋጅ ቁጥር 1161 ወጣ። ስሌቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በአሥራ አምስት የሚባዛ ሆነ። ለአባባ ግን አልደረሰላቸውም፤ የእሳቸው መዝገብ ተዘግቶ ነበር። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እባካችሁ፣ ከጥብቅና ወደ ምክር ቤት የገባችሁ ወይም በቅርብ ያያችሁ ንገሩኝ። ጠበቃ እዚያ ገብቶ ምን ይሠራል? ቢሮዬንስ ልዝጋ ወይስ ጎን ለጎን ይሄዳል?

መልስ 1፦ የሰበታው ጠበቃ

እህቴ፣ የምታውቂውን ነገር ላስታውስሽ። ያ "አሥር" የተጻፈው ጨፌ ውስጥ አይደለም፣ አራት ኪሎ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የመሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው። ክልሉ በአንቀጽ 52 መሠረት ያስተዳድራል። ብዜቱን መለወጥ ከሆነ ሐሳብሽ፣ የምትወዳደሪው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጨፌ ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። የክልሉ በጀት የሚጸድቀው እዚያ ነው።

የቢሮሽ ጉዳይ ግን ያሳስበኛል። አንቀጽ 81ን እስቲ ደግመሽ እዪው። የክልሉን ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። እጅሽን አውጥተሽ የሾምሽው ዳኛ ፊት ደንበኛ ይዘሽ ትቆሚያለሽ? ዳኛው ንጹሕ ሰው ቢሆን እንኳ ተቃራኒው ወገን ምን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል? እኔ ብሆን የኦሮሚያ መዝገቦቼን በሙሉ አስረክባለሁ።

መልስ 2፦ አንድ ዙር ያገለገልኩ

ልጄ፣ እኔም ጠበቃ ነበርኩ። በአንድ የክልል ምክር ቤት 5 ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ችሎት የገባሁ መስሎኝ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ረጅም ክርክር አደርግ ነበር። ሰው ጨዋ ነው፣ ያዳምጥሻል። ድምፁን ግን አስቀድሞ ወስኖ መጥቷል። ሥራው ያለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ ረቂቁ ገና ረቂቅ ሳለ።

አንድ ቀን ልንገርሽ። የአንድ ረቂቅ ሕግ አንቀጽ ለተነሺዎች ምትክ ቦታ "ሊሰጥ ይችላል" ይል ነበር። ሁሉም አልፎት ሄደ። እኔ ግን ይህችን "ይችላል" በችሎት አውቃታለሁ፤ ባይሰጥም ሕግ አልተጣሰም ማለት ናት። ስንት ደንበኛ አሸንፋብኛለች! "ይሰጣል" ይባል አልኩ። አንድ ቃል ነው ብለው ተገረሙ። በእሷ ምክንያት የተረታሁባቸውን መዝገቦች አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሁለት ስብሰባ ፈጀ፣ ተለወጠ። በ5 ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ከኮሚቴው ውስጥ ችሎት ደጅ ውሎ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ረቂቅ በእጅሽ ሲገባ ያንኑ ሌሊት አንብቢው። ሳያነቡ እጅ ማውጣት ያስለመዱሽ ቀን ጥብቅናሽም አብሮ ይሞታል።

መልስ 3፦ የሕግ ተማሪ፣ ለገጣፎ

እትዬ፣ እኔ ልምድ የለኝም፤ ያነበብኩትን ላካፍልዎ። ባራክ ኦባማም ጠበቃ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2004 የኢሊኖይ ክልል ሴናተር ሆነው ሠርተዋል። በዚያው ጊዜ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር። በ2003 በግድያ የተጠረጠረ ሰው በፖሊስ ሲመረመር ቃሉ እንዲቀረጽ የሚያዝ ሕግ አስጸድቀዋል። ፖሊሶች መጀመሪያ ተቃውመው ነበር፤ አብረዋቸው ተቀምጠው ተነጋገሩ። ችሎት ውስጥ "ተደብድቤ ነው ያመንኩት" የሚል ተከሳሽ ያየ ሰው ነው እንዲህ ያለ ሕግ የሚያስበው። እርስዎም እንደዚያው ከመዝገብዎ ይጀምሩ።

ጠያቂ፦ የቡራዩዋ ጠበቃ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያቺን "ይችላል" እኔም አውቃታለሁ። ሳነብ እንባዬ መጣ።

የሰበታው ወንድሜ ልክ ነህ፣ ቁጥሩ አራት ኪሎ ነው። ግን አንተ በጀት ስትል አንድ ነገር ታየኝ። ካሣ ተወስኖላቸው፣ ቁጥሩ ታውቆ፣ ብሩ ሳይከፈል የሚመላለሱ ደንበኞች አሉኝ። አንዷ እናት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ተመላልሰዋል። የሚሰጧቸው መልስ "በጀት አልተያዘም" ነው። ለካ የእሳቸውን ጥያቄ የማነሳው በጨፌ ነው።

ለሽማግሌዎቹ መልስ የምሰጠው እሑድ ነው። ከዚያ በፊት ግን 17 የኦሮሚያ መዝገቦች በእጄ አሉ። ወንድሜ፣ ሰባቱን ትቀበለኛለህ? ደንበኞቹን ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ፤ አዲስ ውክልና መስጠት አለባቸው። ሁለቱ ለኅዳር መጀመሪያ ተቀጥረዋል።