የካሉብ ጋዝ ይውጣ ወይስ ይቅር? የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶች ክርክር

መምህሩ (ብሎክ 9)፦
ሰላም ጎረቤቶች። እሑድ ቡና ላይ የጀመርነው ሳያልቅ ተበተንን፤ እዚህ እንቀጥል። ላልነበራችሁ፦ የሶማሌ ክልሉ የካሉብ ጋዝ መስከረም 22፣ 2018 ተመርቋል። እኔ «ለውጭ ገበያ ባይሸጥ ይሻላል» አልኩ። ለምን ስትሉኝ «ስለ ባሕሩ» ብዬ መለስኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባሕር በሌለው አገር!

ሳቁ ይገባኛል። ግን ስሙኝ። የነዳጅ፣ የጋዝና የድንጋይ ከሰል ጭስ ምድር ላይ ካስቀረው ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ያህሉን የዋጠው ባሕር ነው። እኛ ሞቀን የምንለው በተረፈው ነው። ኮራል የሚባል የባሕር ፍጥረት አለ። ውሃው ሲሞቅበት የሚመግቡትን ጥቃቅን አልጌዎች ያባርርና ነጭ ይሆናል። ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። የዓለም ሙቀት ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ከኮራሉ ከ70 እስከ 90 በመቶው፣ በ2 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ ያልቃል። ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ ኑሮው እሱ ላይ ነው።

ሚኒባስ ነጂ፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ። ግን እኔ ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ ማደያ ተሰለፍኩ። ሦስት መኪና ሲቀረኝ «አለቀ» ተባልኩ። ኋላ ጥግ ላይ በሃይላንድ የሚሸጥ አገኘሁና በእጥፍ ገዛሁ። ያንን ቤንዚን ከጅቡቲ በቦቴ የምናመጣው በዶላር ነው። ከገዛ መሬታችን ጋዝ ሲወጣ «ለዓሣ ሲባል ይቅር»? ዓሣው የልጄን ትምህርት ቤት ይከፍልልኛል?

ሒሳብ ሠሪዋ፦
ሹፌሩ እውነቱን ነው። መላው አፍሪካ ተደምሮ የሚያወጣው ጭስ ከዓለም 4 በመቶ አይሞላም። ባሕሩን ያሞቁት ሌሎች፣ ጦም እደሩ የምንባለው እኛ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዱባይ ላይ በተካሄደው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች ሁሉ «ከነዳጅ እንውጣ» ብለው ተስማሙ። ትልልቆቹ ግን ዛሬም ይቆፍራሉ። እነሱ ይጀምሩ፣ እንከተላለን።

የቦረና ልጅ፦
ስለ ዓሣ አይደለም እኮ። የእኛ አገር ዝናብ የሚመጣው ከህንድ ውቅያኖስ ነው። ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። ገና የምንለው የበልጉ ዝናብም፣ ሐገያ የምንለው የጥቅምትና የኅዳሩም። አባቴ ከብቶቹን አንድ በአንድ ሲወድቁ አየ። መጨረሻ ላይ የቀረችውን ላም እያነሣናት፣ ተመልሳ እየወደቀች። ባሕር የላችሁም የሚለኝ ሰው ይገርመኛል። ሰማያችን ላይ ያለው ምን ሊሆን ነው?

ተጠራጣሪው፦
አዝናለሁ ወንድሜ። ግን ድርቅ ድሮም ነበር። በ77 ማን ጋዝ አወጣ? ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚመጣው ኤልኒኖም፣ ሲቀዘቅዝ የሚመጣው ላኒኛም ጥንትም ነበሩ።

መምህሩ፦
ነበሩ። የ2008ቱን ድርቅ ያመጣው ኤልኒኖ ነው፤ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆኗል። የቦረናውም ጊዜ ፓስፊክ ላይ ላኒኛ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ነው። ወርልድ ዌዘር አትሪቡሽን የተባሉት ተመራማሪዎች የአፍሪካ ቀንዱን ድርቅ ሲመረምሩ፣ ያው የዝናብ እጥረት ባልሞቀ ዓለም ላይ ቢደርስ ኖሮ ድርቅ ሊባል እንኳ አይበቃም ነበር አሉ። ዝናቡ ያነሰው አንድ ነገር ነው። ሙቀቱ ደግሞ የዘነበውንም ከአፈሩ ይመጠዋል።

ተጠራጣሪው፦
እሺ። ባሕሩ አሲድ ሆነ የሚባለውስ? ዓሣ ሊቀቀል ነው?

መምህሩ፦
አሲድ አልሆነም፣ ይኼን ያጋነኑብህ ናቸው። አምቦ ውሃን አስብ። ውሃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባ ይኮመጥጣል። ባሕሩም ከጭሳችን ሩብ ያህሉን ስለሚውጥ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያው (ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ወርዷል። ትንሽ ትመስላለች፤ አቆጣጠሩ ግን በአሥር እጥፍ ስለሚሄድ አሲድነቱ 30 በመቶ ያህል ጨምሯል ማለት ነው። ቅርፊት የሚሠሩ ፍጥረታት ቅርፊታቸውን መገንባት ይቸግራቸዋል። እንቁላል አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት፤ ነገሩን አክብዶ ያሳያችኋል።

ኤሌክትሪክ መኪና ያለኝ፦
ለምን ጋዝ ላይ እንጣላለን? ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ቀርቷል። ህዳሴ ጳጉሜን 4፣ 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት። የእኔ መኪና በዓባይ ነው የምትሄደው። ሰልፍ የለ፣ ሃይላንድ የለ።

የአራተኛ ፎቅ እናት፦
መኪናሽ በዓባይ ትሂድ እንጂ እኔ ትናንት ሊጡ ኮምጥጦ ምጣዱ ቀዝቅዞ ነው የዋልኩት። ማታ ከሰል ገዛሁ። ከሰሉስ ዛፍ አይደለም?

ሚኒባስ ነጂ፦
ተባረኩ እትዬ! ደግሞስ ዓባይን የሚሞላው ዝናብ ነው አይደል? ዝናቡ በባሕር የሚዛባ ከሆነ፣ እንደ መምህር አባባል፣ አንድ ክረምት ሲከሽፍ መብራቱም ይከሽፋል። ያኔ ጋዝ መጠባበቂያ ይሆነናል። ክርክርዎ ለእኔ ነው የሠራው መምህር!

መምህሩ፦
ይቺን አላሰብኳትም፣ እመሰክራለሁ። ግን ጋዝ በነደደ ቁጥር ያው ክረምት ይበልጥ ይዛባል። በጉድጓዱና በቧንቧው የሚያመልጠው ሚቴን (የጋዙ ዋናው ክፍል) ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጥ ሙቀት ያፍናል።

እንግዲህ ሐሳቤን ላስተካክል። ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ መሠረቱ ተጥሏል፣ ጋዙ ከካሉብ ነው የሚሄድለት። ለማዳበሪያ ከሆነ ይውጣ። ዛሬ ማዳበሪያውም በመርከብ ነው የሚመጣው። ሌሎች እንዲያቃጥሉት እየጫኑ መሸጥ ላይ ግን አልስማማም።

ሒሳብ ሠሪዋ፦
ዶላሩስ? ሳይሸጥ የሚቀረውን ማን ይተካልን? እ.ኤ.አ. በ2027 ኮፕ 32 የሚባለው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የሚካሄደው። ፊት ለፊት ተቀምጠን «ከፈላችሁ እናስቀረዋለን» እንበላቸው።

የቦረና ልጅ፦
ከማን ጋር ተማክረን? ጋዙ ከእግሩ ሥር የሚወጣበት አርብቶ አደር እዚህ ግሩፕ ውስጥ የለም።

ሚኒባስ ነጂ፦
እሱስ እውነት ነው። እኔ ድምፄን አልቀየርኩም፣ ይውጣ። እሑድ ቡናው የመምህር ተራ ነው። እንቁላሉን ከዓርብ ማታ ጀምረው ይንከሩት፣ አይቼ ነው የማምነው።