«የታመነ» እና «ታማኝ» አንድ ናቸው?

የሸዋ በሩ፦
ሰላም ለቤቱ። ትናንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎን እየወጣን ክርክር ተነሣ። ሚኒባሱ መስታወት ላይ «እግዚአብሔር የታመነ ነው» የሚል ተለጥፏል። ረዳቱ «ተሳስተው ነው፣ ታማኝ መባል ነበረበት» አለ። ከኋላ አንድ አባት «ዝም በል አንተ፣ ጥቅስ ነው!» አሉት። እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ልዩነት አለው እንዴ?

ከጦሳ ሥር፦
አባት ልክ ናቸው። 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥9 ላይ አለ። ዘዳግም 7፥9ም ቃል ኪዳኑን እስከ ሺህ ትውልድ የሚጠብቅ «የታመነ አምላክ» ይለዋል። ለእኔ ጆሮ ሁለቱ ይለያያሉ። «ታማኝ» ስንል ማን ይታወሰናል? ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ውሻ ሳይቀር። ታማኝነቱ ለጌታው ነው፤ ከበላዩ የሚቆጣጠረው አለ። ታዲያ እግዚአብሔር ለማን ነው ታማኝ የሚሆነው? 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥13ን እዩት፦ «ባናምነው፥ እርሱ የታመነ ሆኖ ይኖራል፤ ራሱን ሊክድ አይችልምና።» ከበላዩ ማንም የለም። ቃሉን ቢያጥፍ የሚክደው ራሱን ነው። «የታመነ» ማለት ቢደገፉት የማይከዳ ነው።

ቦርከና፦
ወንድሜ፣ ጥሩ ብለሃል። ዕብራይስጡም ዘዳግም ላይ «ኔኤማን» ይላል። ቅርጹ ራሱ ተደራጊ ነው፣ ልክ እንደ «የታመነ»። ሥሩም ከእኛው «አመነ» ጋር አንድ ነው፤ መነሻው ጽናት ነው። ዘጸአት 17፥12 ላይ አሮንና ሖር የሙሴን እጆች ደገፉ፣ እጆቹም ፀሐይ እስክትገባ ጸኑ ይላል አይደል? እዚያ ላይ ዕብራይስጡ የሚጠቀመው «ኤሙና» ነው፤ እምነት የሚሉበት ቃል። አሜን፣ እሙን፣ ምእመን ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

እኔ የምወደው ግን ዘፍጥረት 15ን ነው። እግዚአብሔር ዘር እሰጥሃለሁ አለው፣ አብራም አመነ። ከዚያ ለቃል ኪዳኑ እንስሳት ለሁለት ተከፈሉ፤ በመካከላቸው ያለፈው ግን የእግዚአብሔር ምልክት የሆነው ጢስና እሳት ነበር። አብራም አላለፈም። የሁለት ሰው ውል ላይ አንዱ ብቻ ፈረመ በሉት። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። 25 ዓመት! እኛ ሰፈር ዕቁብ አንድ ሳምንት ከዘገየ «ቃሉን በላ» ተብሎ የሰው ስም ይጠፋል፣ ሃሃ።

ሙጋድ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ? እናቴ ጎረቤት ዘንድ ዕቃ ስታስቀምጥ «አማና» ትላለች። ጎረቤቷ «አደራ» ትላለች። «አማን ነው?» እየተባባልን የምንገናኘውስ?

ቦርከና፦
እሱማ ያው ነው እህቴ። «አማና» በዐረብኛ በኩል መጣ እንጂ ሥሩ አንድ ነው። «አማን» ደግሞ በግእዝ «እውነት» ነው፤ ወንጌሉ «አማን አማን እብለክሙ» እንደሚለው። ወሎ ላይ ግን ሰላምታ ነው።

የሸዋ በሩ፦
ተባረኩ። «ደሴ ስንደርስ መልስህን እሰጥሃለሁ» ያለኝ ያው ረዳት፣ ፒያሳ አውርዶኝ ሄደ። 10 ብሬን ይዞ። እሱንስ ታማኝ እንበለው የታመነ?

ከጦሳ ሥር፦
ገና 25 ዓመት አልሞላውም፣ ጠብቅ።