ጥቆማ፦ የኪያርና የሜሎን ዘር ከየት ልግዛ? (አዲስ አበባ)

አያት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮዬ ትንሽ ናት፣ ፀሐይ ግን በደንብ ታገኛለች። ክረምቱ ሲወጣ ኪያርና ሜሎን ልዘራ አስቤያለሁ። የታሸገ ዘር ይሻላል፣ ችግኝ፣ ወይስ ከበላሁት ፍሬ ላውጣ? የምታምኑት ሱቅ ካለ ጠቁሙኝ እስቲ።

መርካቶ፦ ምን ጥያቄ አለው፣ መርካቶ ነዋ! እኔ ከአንድ ደንበኛዬ ሌላ ጋ ሄጄ አላውቅም። አባቴም ከእሱ ነበር የሚገዛው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ።

ሰሚት፦ እኔን ጉድ የሠራኝ ዓይን ጨፍኖ መግዛት ነው። ሱቁን ስሙን አልጠራም። ከጆንያ ዘግኖ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ "ምርጥ የኪያር ዘር" ብሎ ሰጠኝ። ሐረጉ አጥር ዘሎ ጎረቤት ገባ። ፍሬው ሲመጣ ዱባ! ተመልሼ ብጠይቀው "አፈሩ ነው" አለኝ።

ገርጂ፦ እንግዲያው ከዚያ አፈር ትንሽ ሽጪልኝ። ሽንኩርት ተክዬ ሥጋ ላብቅልበት።

መርካቶ፦ የኔ ደንበኛ እንዲህ አያደርግም።

ሰሚት፦ ያንተን መች አልኩ?

ቃሊቲ፦ ፍግ የምትፈልጉ ከሆነ ከብት አርቢዎች ጋ ጠይቁ። የበሰበሰውን ብቻ ውሰዱ፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

ሰሚት፦ ለዱባም ይሆናል?

ቢሾፍቱ፦ ኧረ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እህቴ፣ የታሸገ ግዢ። ፓኬቱ ላይ የዝርያው ስምና የማብቂያ ቀኑ ይኑር። ከገበያ ኪያር ዘር አይገኝም፤ የሚቀጠፈው ዘሩ ሳይጎመራ ነው። ሜሎን በስሎ ስለሚበላ ዘሩ ይበቅላል፣ ድቅል ከሆነ ግን እናቱን አይመስልም። ችግኝ ካማረሽ ትንሹን ምረጪ፤ ኪያር ሥሩ ሲነካ አይወድም። ያለ ንብ የሚያፈራ ዝርያ ካላቸው እሱን ውሰጂ። ከሌለ በጠዋት አበቦቹን እያቸው። ከሥሯ ትንሽዬ ኪያር ያዘለችው ሴቷ ናት። ወንዱን ቀጥፈሽ መሐሏን በዱቄቱ አስነኪያት፣ በቃ።

ሜሎኑ ላይ ግን ልቤ አይሞላም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ይብሳል። ኪያሩንም ቢሆን እስከ የካቲት ብትታገሺ ጥሩ ነው። ሜሎን ካልሽ በላስቲክ ሸፍኝው።

መርካቶ፦ ላስቲክም ደንበኛዬ ጋ አለ።

አያት፦ ቢሾፍቱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰሚትዬ፣ ዱባው ግን ጣፈጠ?

ሰሚት፦ በጣም! ዘሩን አድርቄ አስቀምጫለሁ፣ ለፈለገ በነፃ።