አልሸሹም ዞር አሉ

የጠባሴ ልጅ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንዱ የስፖርት ጋዜጠኛ ስለ ድሮዎቹ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሪዲክ ቦው ሌኖክስ ሉዊስን አልሸሸውም፣ ናቀው እንጂ።» እራቴን ነው ያስተወኝ። ቦው እ.ኤ.አ. በ1992 ኅዳር ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በወሩ ለንደን ሄዶ ቀበቶውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተ። ከሉዊስ ጋር ተጋጠም ስለተባለ! ይሄ መናቅ ከሆነ እኔም የአስረኛ ክፍል ሒሳብን ንቄዋለሁ።

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ ጋዜጠኛው ልክ ነው። የጣለው የአንዱን የቦክስ ማኅበር፣ የደብሊውቢሲን ቀበቶ ብቻ ነው። የሌሎቹ ሁለት ማኅበራት፣ የደብሊውቢኤና የአይቢኤፍ ቀበቶዎች ወገቡ ላይ ነበሩ። ከሻምፒዮኑ ከሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ተቀጣቅጦ የወሰደውን ሰው ፈሪ ማለት ነውር ነው። 10ኛውን ዙር አይተኸዋል ለመሆኑ?

የጠባሴ ልጅ፦ ሆሊፊልድን ፈራ ያለ አለ? ሉዊስን ነው ያልኩት።

መንዜው፦ እኔ «ናቀው» የሚለው ነው ያልገባኝ። የናቁትን ሰው ዝም ብለው ያልፉታል። ካሜራ ሰብስቦ፣ ባልዲ ፊት ቆሞ መናቅ የት አገር ነው ያለው?

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ ባልዲ አይደለም። የቆሻሻ ቅርጫት ነው።

መንዜው፦ ይቅርታ። ቅርጫቱን መናቄ አልነበረም።

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦ ልጆች፣ እናንተ የምታወሩትን እኔ በካሴት ነው ያየሁት። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ እኛ ጋ ሲደርስ ግጥሚያው ካለፈ ወራት ሆኖታል። ምስሉ ከሥር ይንቀጠቀጣል። የማጫወቻው ማንበቢያ፣ ሄዱ፣ ሲቆሽሽ በአረቄ እንጠርገው ነበር። እና ነገሩ ግልጽ ነው። የሆሊፊልድና የቦው አሸናፊ ከሉዊስና ከሩዶክ አሸናፊ ጋር ሊገጥም ነበር። ሉዊስ ሩዶክን በ2ኛው ዙር ሲያፈርሰው ጊዜ የቦው ሰዎች ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሴኡልንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1988 ፍጻሜው ላይ ቦውን በ2ኛው ዙር ያስቆመው ያው ሉዊስ ነው። እኛ በዚያ ኦሎምፒክ ባንካፈልም ወሬው ደርሶናል።

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን አማተርና ፕሮፌሽናል ለየቅል ነው። ሴኡል ላይ ዳኛው ቸኮለ። ቦው እኮ በእግሩ ቆሞ ነበር።

ሸዋሮቢት ሙቀቱ፦ አዎ ቆሞ ነበር። ቆሞ ሁለቴ ተቆጠረበት።

የደብረ ሲናዋ፦ ብሩን ምነው ማንም አላነሳው? የቦው ማናጀር ሮክ ኒውማን የጠየቀው 90 እጅ ለቦው፣ 10 ለሉዊስ ነው። እናንተ የገበሬ ልጆች ናችሁ፣ ሲሶና እርቦ ታውቃላችሁ። ባለመሬቱ እንኳ ከአራሹ ላይ 90 እጅ አይወስድም። እኛ ጋ መሸጥ ያልፈለገች ቆሎ ሻጭ ዋጋውን ትሰቅለዋለች። መንገደኛው ራሱ መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል። ከዚያ «እሱ ነው ጥሎኝ የሄደው» ትላለች።

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ እህቴ፣ ታዲያ የሄደው ሉዊስ ነዋ! እምቢ ያለው እሱ ነው።

የደብረ ሲናዋ፦ ስለ ቆሎዋ የነገርኩህ ይሄንኑ ነበር።

የጠባሴ ልጅ፦ ቆይ፣ ቀበቶውን ከጣለ በኋላ ማንን ገጠመ? በ1993 ማይክል ዶክስን በ1ኛው ዙር፣ ጄሲ ፈርጉሰንን በ2ኛው ዙር። ሁለቱ ተደምረው ቡና አያስፈሉም። ሉዊስ በዚያው ዓመት ቶኒ ተከርንና ፍራንክ ብሩኖን ነው የገጠመው። ንቀት ማለት ቀላሉን እየመረጡ መምታት ነው እንዴ?

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦ እኔ ልጁን አልወቅስም። የፈራው ማናጀሩ ነው። ቦክሰኛ ሪንግ ውስጥ ግባ ሲሉት ይገባል።

መንዜው፦ ቀበቶውን ቅርጫት ውስጥ የከተተው ግን የማናጀሩ እጅ አይደለም ጋሼ።

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ ስለ ሉዊስ ጀግንነት ትንሽ ላስታውሳችሁ። 1994፣ ዌምብሌይ። ኦሊቨር ማኮል በ2ኛው ዙር ዘረረው። ከዚያ ወዲያ ቦው ምን ብሎ ያሳድደው? ቪታሊ ክሊችኮስ? በ2003 በሦስቱም ዳኞች 58 ለ56 እየመራው ነበር። የቪታሊ ፊት ተተርትሮ ነው ግጥሚያው የቆመው። ሰው ሁሉ መልሱን ሲጠብቅ ሉዊስ በቀጣዩ ዓመት ጓንቱን ሰቀለ። ይሄስ ምን ይባላል?

ሸዋሮቢት ሙቀቱ፦ አልሸሹም ዞር አሉ።

የጠባሴ ልጅ፦ አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ? ሉዊስ ጓንቱን ሲሰቅል 38 ዓመቱ ነበር። ማኮልንም በ1997 መልሶ አሸንፎታል። በዝረራ የረቱትን ሁለቱንም፣ ማኮልንም ሃሲም ራህማንንም፣ ብድራቸውን መልሷል። አታስቀይሱ።

ሸዋሮቢት ሙቀቱ፦ ከማንም ወገን አይደለሁም። እዚህ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ነው።

መንዜው፦ ና ወደ እኛ ብርድ፣ መንዝ መሐል ሜዳ፣ ዝተት እናለብስሃለን።

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ ሌላም ልንገራችሁ። በሁለተኛው የሆሊፊልድ ግጥሚያ በ7ኛው ዙር ያ በፓራሹት የመጣ እብድ ሪንጉ ላይ ባይወድቅ ቦው አይሸነፍም ነበር። ግጥሚያው ከ20 ደቂቃ በላይ ነው የቆመው። ሰውነት ቀዘቀዘ።

የደብረ ሲናዋ፦ የሆሊፊልድስ አልቀዘቀዘም?

መንዜው፦ ሰውዬውንም ናቀው በለን።

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ ሳቁ። በ1995 ሆሊፊልድን በ8ኛው ዙር ሲዘርረው ግን የሳቀ አልነበረም።

የጠባሴ ልጅ፦ አሁንም ሆሊፊልድ! አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ሉዊስን ለምን አልገጠመም?

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ ናቀው አልኩህ።

የጠባሴ ልጅ፦ እግዚኦ!

የደብረ ሲናዋ፦ ጋሼ፣ ያ ካሴት አሁን አለ?

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦ ካሴቱ አለ። ማጫወቻው ነው የሞተው።

ቢግ ዳዲ ደብረ ብርሃን፦ አጎቴ ቤት አንድ አለ። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። ግን 10ኛውን ዙር ነው የምናየው፣ ቅርጫቱን አይደለም።

መንዜው፦ የሄዱን መጥረጊያ እኔ እችላለሁ። ሁለት ጠርሙስ ይበቃል?